በእንቅልፌ የመታኋት

ሚስቴን የምመታት ተኝቼ ነው ብል ማን ያምነኛል? ሸማ ተራ ልብስ ሰፊ ነኝ። በሕልሜ ግን ከሌባ ጋር ስደባደብ አድሬ ስነቃ፣ የሚስቴ የሙኒራ ዓይን አብጦ አገኘዋለሁ።

ታላቅ ወንድሟ ጋሼ ሽኩር ወሬው ደርሷቸው ቤታችን ድረስ መጡ።

"ተነሺ፣ እንሂድ!" አሏት።

"ጋሼ፣ ይህ ሰው ነቅቶ ዝንብ አይመታም። እሱን የሚያስፈልገው ሐኪም ነው" አለቻቸው። በማግስቱ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

ሐኪሙ ያበጠ ዓይኗን አየና እኔን ገላመጠኝ። አንገቴን ደፋሁ። ሙኒራ ግን ቀደመችው።

"ዶክተር፣ የሚመታኝ በሕልሙ ነው። ሌላም ነገር አለ። ወጥ አርሮ ጎረቤት ሮጦ ሲመጣ፣ እሱ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ አይሸተውም። የደንበኛ ልክ የሚመዘግብበትን ደብተር ይዩት፤ ፊደሉ እያነሰ እያነሰ ጉንዳን አክሏል። ሲራመድም ቀኝ እጁ አይወዛወዝም።"

የእጁ ባለቤት እኔ አንዱንም ልብ አላልኩም ነበር!

ሐኪሙ አስነሥቶ አስኬደኝ፤ ቁጭ አድርጎ አስጻፈኝ። ያለችው ሁሉ ልክ ሆኖ ተገኘ።

"እንዲህ ያለው እንቅልፍ አንዳንድ ጊዜ የፓርኪንሰን ሕመም ምልክት ነው፤ እጅ መንቀጥቀጥ ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት ሊታይ ይችላል። ብዙ ሰው ወደ እኛ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ እናንተ ግን በጊዜ መጣችሁ" አለን።

ሙኒራ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ።

ሐኪሙ ወደ እሷ ዞረና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት፦ "ይቅርታ፣ እርስዎ የሚሠሩት የትኛው ሆስፒታል ነው?"

"ኧረ እኔ ሚስቱ ነኝ" አለችው።