ወሰን ላይ የቆመው ቤት

ጉንሂልድ ከኖርዌይ ስትመጣ ዕድሜዋ ሠላሳ አንድ ነበር፤ የታናሽ እህቷ የሲኔቫ ደግሞ ሃያ ሁለት። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ሲኔቫን አጥባም አብልታም ያሳደገቻት እሷ ናት። ባሕሩን ያሻገራትም እሷው ናት፤ ሰው ቤት እየተቀጠረች፣ ወተት እያለበች።

አሜሪካ ውስጥ ዳኮታ ሲደርሱ ሜዳው ባዶ ነው ተባሉ። የቀድሞዎቹን ሰዎች ወታደር ወደ ምዕራብ ከገፋቸው ግን ገና ጥቂት ዓመት ነው። መንግሥት ላመለከተ ሁሉ መቶ ስልሳ ኤከር ይሰጣል፤ ላላገባች ሴትም ቢሆን። በምትኩ የሚጠይቀው መሬቱ ላይ ቤት ሠርቶ አምስት ዓመት መኖርና ማረስ ነው። እህትማማቾቹ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ድርሻዎች በየስማቸው አስመዘገቡ። ሁለት ቤት ለመሥራት አቅም ስላልነበራቸው፣ ብዙዎች እንደሚያደርጉት አንዱን ቤት ወሰኑ ላይ ሊያቆሙት ተስማሙ፦ የሲኔቫ አልጋ በሲኔቫ መሬት፣ የጉንሂልድ በጉንሂልድ፣ ምድጃው መሐል ላይ።

ችግሩ፣ የቀያሾቹን ችካል የሜዳ እሳት በልቶት ነበር። ከቀረው ከሩቁ ችካል ተነስተው ራሳቸው ለኩ። ጉንሂልድ በሬዎቹን እየመራች ከፊት፣ ሲኔቫ በጋሪው ጎማ ላይ ያሰሩትን ቀይ ጨርቅ እያየች ጎማው ስንት ጊዜ እንደዞረ እየቆጠረች ከኋላ። ሽማግሌው ጎረቤታቸው ቶሌፍ አይቶ፣ እኔም ከዚህ አሻሽዬ አልለካሁም አላቸው። ከዚያ ሣሩን ከነሥሩ በማረሻ እየገሸለጡ፣ እንደ ጡብ እየቆራረጡ ግድግዳውን አነሱ። ውጪ አንድ ቀን ከዘነበ ቤት ውስጥ ሦስት ቀን ጭቃ ያንጠባጥባል።

በሁለተኛው ዓመት አንበጣ ስንዴውን ጨርሶ የመጥረቢያ እጀታ ሳይቀር ጋጠ። በዚያው ዓመት ጉንሂልድ በራሷ መሬት ላይ፣ ከቤቱ ዝቅ ብሎ ጉድጓድ ቆፈረች። የዘጠኝ ሰው ቁመት ያህል ወርዳ ውሃ አገኘች። ባልዲው አምልጦ ሲወርድ ግን ገመዱ የግራ እጇን ትንሽ ጣት ይዞባት ሄደ። የቶሌፍ ውሃ ጨዋማ ነው፤ ወዲያ ማዶ ያሉት ሰዎች ከነጭራሹ ውሃ የላቸውም። የእሷ ግን ጣፋጭ ነበር። እጇን ጠቅልላ፣ አንድ ኩባያ ቀድታ መጀመሪያ ያጠጣችው ሲኔቫን ነው።

በሦስተኛው ዓመት የባቡር ሐዲድ ቀያሾች በዚያ አለፉ። ጉንሂልድ ያን ቀን ለውቂያ ቶሌፍ ዘንድ ነበረች። አንዱ ቀያሽ ውሃ ለምኖ ሲጠጣ፣ ቤታችሁ ሙሉ ለሙሉ በአንድ ወገን ነው፣ ትክክለኛው ወሰን ከግድግዳው ስምንት እርምጃ ወደ ጉድጓዱ ዘልቆ ነው የሚያልፈው ብሎ ለሲኔቫ ነገራት፤ ቤቱ የቆመው በሲኔቫ መሬት ብቻ ነው ማለት ነው። ሲኔቫ ይህን ለጉንሂልድ አልነገረቻትም። የተሳሳተችው ቆጣሪ እሷ ስለነበረች፣ እህቷ ክረምት ከመግባቱ በፊት ቤቱን እናፍርስ እንዳትል ፈራች። ጉንሂልድ ይህን የሰማችው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

በአራተኛው ዓመት ሲኔቫ ኤሊንግ የሚባል ሰው አገባች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደህና የሚዘምር፣ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ነው፤ እጁ ግን ለስላሳ ነበር። ቤቱ አንድ ስለሆነ መጋረጃ ተሰቅሎ አብረው ኖሩ። ሲኔቫ የስምንቱን እርምጃ ነገር ለባሏ አጫወተችው። እሱም ለማንም ትንፍሽ ሳይል ሚኒሶታ ላለው ወንድሙ ለኤንድሬ ጻፈለት።

አምስት ዓመቱ ሊሞላ ሦስት ወር ሲቀረው ለጉንሂልድ የመጥሪያ ወረቀት መጣ። ኤንድሬ የተባለው አመልካች፣ ይህች ሴት በመሬቷ ላይ አንድም ሌሊት አላደረችም፣ ድርሻው ለእኔ ይገባል ይላል።

በመሬት ጽሕፈት ቤቱ ሹሙ ነገሩን በትዕግሥት ሰማ። ስህተቱ ባለማወቅ ከሆነ ሕጉ ምሕረት አለው አለ፤ ጉንሂልድም ተንፈስ አለች። የሚያውቅላት እህቷ ናትና እህቷ ትጠየቅ ተባለ።

ሲኔቫ የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች። ተነስታ ቆመች፤ ሹሙ በአስተርጓሚ ጠየቃት።

«እህትዎ የት ነበር የሚተኙት?»

«ከምድጃው ወዲያ፣ በጉድጓዱ በኩል።»

«ቤቱ በእርሳቸው መሬት ላይ አለመሆኑን ያውቁ ነበር?»

ሲኔቫ ግድግዳ ተደግፎ ቆቡን በእጁ የያዘውን ባሏን አየችው።

«ታውቅ ነበር። ቀያሾቹ ካለፉ ጀምሮ ታውቃለች።»

የተናገረችው በገዛ ቋንቋቸው ነው፤ ጉንሂልድ አስተርጓሚው እስኪመልሰው መጠበቅ አላስፈለጋትም። በመጀመሪያ የተሰማት ንዴት አልነበረም። ሲኔቫ ጥያቄው አልገባትም ይሆናል ብላ እንድታስተካክለው በዓይኗ ለመነቻት። ሲኔቫ ግን ተቀመጠች። የሚሉት ካለ ይበሉ ሲሏት ጉንሂልድ አላውቅም ነበር ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም። ጎማውን ማን እንደቆጠረው እንኳ አላነሳችም።

ፍርዱ በመከር መጣ። ያረሰችው አርባ ኤከርም፣ ጉድጓዱም የኤንድሬ ሆነ።

ሣጥኗን ቶሌፍ ጋሪ ላይ ሲጭንላት ሲኔቫ ሆዷን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ ወዴት ነው የምትሄጂው? የት ልታድሪ ነው?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ» አለቻት ጉንሂልድ፤ «የት እንደማድር የምትመሰክሪው አንቺ አይደለሽ?»

ቶሌፍ በመንገድ ላይ ሊያጽናናት ሞከረ፤ ልጅቷ ባሏን ፈርታ ነው አላት። ጉንሂልድ፣ እኔንም ትንሽ ብትፈራኝ ኖሮ ጥሩ ነበር አለችው።

ከተማ ገብታ የሆቴል ልብስ አጣቢ ሆነች። ኤንድሬ ከሁለት ዓመት በኋላ መሬቱን ለባቡር ኩባንያ ሰው ሸጦ ወደ ምዕራብ ሄደ። ኤሊንግ ከጠበቀው ግማሹን እንኳ አልሰጠውም፤ ወንድማማቾቹም በዚያው ተቆራረጡ። ከሲኔቫ በየገናው ደብዳቤ ይመጣል። ጉንሂልድ ሳትከፍት እሳት ውስጥ ትጨምረዋለች። አንድ ዓመት አንዱን ከፍታ፣ የመጀመሪያውን ቃል «እትዬ» የሚለውን አንብባ እሱንም ጨመረችው።

ሲኔቫ በአርባ አንድ ዓመቷ በሳንባ በሽታ ሞተች። ጉንሂልድ ወደ ቀብሩ ሄደች፤ ከሰዉ ኋላ ቆመች። በአካባቢው አዲስ የነበሩ አንዲት ሴትዮ ጠጋ ብለው የሟች ዘመድ ነዎት ወይ ብለው ጠየቋት።

«ጎረቤት ነበርን» አለቻቸው።

አፈሩ ሲመለስ አየች። ኤሊንግ እህል ቅመሽ ብሎ ሊጠራት ሲመጣ እንዳላየችው ሆና አለፈች። ለቅዳሜ የሚደርስ ስልሳ አንሶላ ይጠብቃት ነበርና በመጣችበት መንገድ በእግሯ ተመለሰች።