ውሃ እንዳይነካው የተባለው ሱሪ

ሥራ የገባሁ ቀን መቀስም መርፌም አልተሰጠኝም። የተሰጠኝ ባልዲ ነው።

አሠሪዬ ጋሽ እንድሪስ ሐይቅ ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ በረንዳ ላይ ሁለት የእግር መኪና ዘርግተው የሚሰፉ ሰው ነበሩ። «ና እስቲ ሙሄ፣ ይኼን ሸማ ዘፍዝፈው» አሉኝ። ልብስ ስፌት ልማር መጥቼ ልብስ አጣቢ ልሆን ነው ብዬ አኮረፍኩ። አይተው ሳቁብኝ።

«አንተዬ፣ የእጅ ሥራ ሸማ ውሃ ሳይጠጣ ከቆረጥከው፣ ባለቤቱ አንዴ ሲያጥበው ሱሪው ቁምጣ ይሆናል። ስድቡ ደግሞ ለእኔ ነው። መጀመሪያ ባልዲ፣ ኋላ መቀስ።»

መንፈቅ ሙሉ ዘፈዘፍኩ፣ አሰጣሁ፣ በከሰል ካውያ ተኮስኩ። ቀጥሎ ዘምዛሚ ሆንኩ፤ ቁልፍም ተከልኩ። ከዚያ መኪና ላይ ተቀመጥኩ። ቆራጭ እስክሆን ሰባት ዓመት ፈጀብኝ። በእኛ ሥራ ቆራጭ ማለት አለቃ ማለት ነው። ሰፊ ቢሳሳት ተፈትቶ እንደገና ይሰፋል፤ ቆራጭ ከተሳሳተ ጨርቁ አለቀ ማለት ነው።

ደርግ ሲመጣ በየበረንዳው የነበርነው ተሰብስበን የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ሆንን። ጋሽ እንድሪስ አርጅተው ቤት ዋሉ፤ እኔ የማኅበሩ ቆራጭ ሆንኩ። የምንሰፋው የተማሪ ዩኒፎርም፣ የቀበሌ ጥበቃ ካኪና የሰርግ ቴትሮን ነበር። ቴትሮን ያኔ የጎበዝ ልብስ ነው። አይጨማደድም፤ ጠዋት ታጥቦ ቢሰጣ ለቀትሩ ዙህር ሰላት ይለበሳል። የእጅ ሸማ ሱሪ የሚያሰፋ ሰው በዓመት ሁለት ሦስት ቢመጣ ነው። ባልዲው ግን ከመኪናዬ ሥር ጠፍቶ አያውቅም።

አንድ የበጋ ጠዋት ሁለት መኪና ሙሉ ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። ፊልም ሊያነሱ ነው ተባለ። ታሪኩ በጃንሆይ ዘመን ከባላባት ሸሽቶ ሐይቁን ተሻግሮ ስለሚያመልጥ አንድ የእኛ አገር ገበሬ ነው። ለዋናው ተዋናይ ሱሪ መሰፋት አለበትና የቀበሌው ሊቀመንበር ሁለት ሰዎች ይዞ ወደ ማኅበራችን መጣ።

አንዱ የአልባሳት ኃላፊው አቶ ብርሃኑ ነው። መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ሲያነጋግራችሁ የእጅጌያችሁን ጨርቅ በጣቱ የሚያሽ ቀጭን ሰው። ሁለተኛው የሥራው መሪ ጓድ ደምሴ ነው። እሱ ሰዓቱን እንጂ ሰው አያይም።

«ሱሪው ከቴትሮን ይሁን» አለ ጓድ ደምሴ ገና ሳይቀመጥ። «ሰውዬው ሐይቅ ውስጥ ይገባል። ያ ትዕይንት ሦስት አራት ጊዜ ይደገማል። በተደገመ ቁጥር ደረቅ ሱሪ ለብሶ መነሳት አለበት። ያለን ደግሞ አራት ቀን ነው።»

«በጃንሆይ ዘመን ገበሬ ቴትሮን ለብሶ?» አለ አቶ ብርሃኑ። «የሐይቅ ሕዝብ ይስቅብናል።»

«የሐይቅ ሕዝብ ሲኒማ ቤት የት አለውና ይስቅብናል?»

እንዲህ ሲጨቃጨቁ ቆይተው ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ምን ትላለህ፣ ጓድ መሐመድ?» አሉኝ። እኔ ደግሞ ጨርቅ በአፍ አይመረጥም፣ ወርደን እንየው አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተው እኔን በመጠየቃቸው ልቤ አብጦ ነበር።

ከቴትሮን፣ ከአቡጀዲና ከእጅ ሸማ አንዳንድ ክንድ ይዘን ሐይቁ ዳር ወረድን። ቴትሮኑ ፀሐይ ላይ እንደ ቆርቆሮ አብለጨለጨ፤ ሲርስ ደግሞ እግር ላይ ተለጠፈ። «ይኼ የሠርግ ሚዜ ነው እንጂ ገበሬ አይደለም» አለ አቶ ብርሃኑ። አቡጀዲው ቶሎ ደረቀ፤ ነገር ግን ስስ ነው፣ ሲርስ ገላ ያሳያል። ሸማው ለዓይን ልክ ነው፤ ውሃውን ግን ጠጥቶ ጠጥቶ ከበደ። የከሰዓቱ አሱር ሰላት ደርሶም ገና ያንጠባጥባል።

ጓድ ደምሴ ሸማውን በአንድ እጁ አንስቶ መዘነው። «ይኼ ተዋናዩን ያሰምጥብኛል» አለ።

አቶ ብርሃኑ ግን አልተረታም። «አንድ እውነተኛ ልይ» አለኝ። «ሰው የለበሰው፣ የከረመ የሸማ ሱሪ። ከዚያ በኋላ እወስናለሁ።» እኔም የት እንዳለ አውቅ ነበር። የቆረጥኩት ራሴ ነኝ።

እትዬ ጦይባ ሐይቁ ዳር ባለው መንደር የምትኖር ፈታይ ናት። ጥጡን በራሷ እጅ ፈትላ፣ ለሸማኔ ሰጥታ፣ ለልጇ ለአሊ የዒድ ሱሪ ያሰፋችው እኔ ዘንድ ነው። ታፋው ሰፊ፣ ከጉልበት በታች ጠባብ፣ ወገቡ በክር የሚታሰር። አሊ ብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል። አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። ሱሪው ቤቷ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር።

ለፊልሙ ናሙና እንደምንፈልገው ነገርኳት። ሱሪውን አውርዳ አጥፋ ሰጠችኝ።

«የምሰጠው ለአንተ ነው፣ ሙሄ። ለፊልም አይደለም። አማና ነው፣ አደራ። ውሃ እንዳይነካብኝ።»

«ወላሂ አይነካውም» አልኳት።

ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ሰፊ ነኛ! እንዳያጥርባት ፈርታ ነው አልኩ በሆዴ።

ሱሪውን የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ዘርግቼ ልኩን አወጣሁ። አቶ ብርሃኑ እንደ ሕፃን ደስ አለው። እየገለበጠ፣ ስፌቱን እየቆጠረ «ይኼ ነው! ይኼ ነው!» ይላል። ቀጥሎ ግን ሌላ ነገር አመጣ። «ሲርስስ ምን ይመስላል? የከረመ ሸማ ሲርስ መልኩ ከአዲሱ ይለያል። አዲሱን ለማቅለም ማየት አለብኝ።»

«አይሆንም፣ ቃል ሰጥቻለሁ» አልኩት።

«ሙሉውን አላልኩህም። የእግሩን ጫፍ፣ ስንዝር ታህል።»

አሁን በእሱ ላላሳብብ። አላስገደደኝም። ባልዲው እግሬ ሥር ነበር፤ እጄም ለምዷል። ይኼን ሸማ ከመቁረጤ በፊት በዚሁ ባልዲ ነክሬዋለሁ፣ አንዴ ያጠረ ጨርቅ ሁለተኛ አያጥርም፣ ታዲያ ምን ይሆናል አልኩ። የሙያ እውቀቴን አመንኩና የቀኙን እግር ጫፍ ነከርኩት።

ውሃው ጠቆረ።

ክው አልኩ። በጫፉ ላይ የደረቀ ጥቁር ጭቃ ነበረበት፤ ልኩን ስወስድ አይቼው እድፍ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። አሁን ግን ሁሉም ትዝ አለኝ። አሊ የሄደ ቀን ይኼንኑ ሱሪ ለብሶ ማኅበራችን በር ላይ ቆሞ ነበር። በሐይቁ ዳር ዞሮ ጓደኞቹን ተሰናብቶ ስለመጣ እግሩ በጭቃ ተለውሷል። «አያ ሙሄ፣ ስመለስ እንዲሁ ቀጭን ሆኜ አልቀርም፣ ወገቡን ታሰፋልኛለህ» ብሎ ቀለደብኝ። ወታደር ሲሆን የመንግሥት ልብስ ሰጡት፤ ሱሪውን በሰው ለእናቱ ላከላት። እሷም ሳታጥብ ሰቀለችው። ውሃ እንዳይነካብኝ ያለችው ለዚህ ነው።

ሱሪውን አሰጣሁት። ሲደርቅ ያ ጫፍ ነጭ ሆኖ ቁጭ አለ።

አቶ ብርሃኑ ነገሩን ስነግረው አዘነ። ቀጥሎ ግን «አትጨነቅ፣ ጭቃ መሥራት የእኔ ሙያ ነው» አለኝ። ከሐይቁ ዳር ጥቁር ጭቃ አመጣ። ትንሽ አመድ ለወሰበት፣ የሱሪው ጫፍ ላይ በመዳፉ አሸው፣ ፀሐይ ላይ አደረቀው፣ በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገው። «እናቱም አትለየውም» አለ። ምነው ሸዋ! እኔ ራሴ መለየት አቃተኝ።

በማግስቱ በጋዜጣ ጠቅልዬ ወሰድኩላት። መንገዱን ሙሉ ላልነግራት ወስኜ ነበር። ብነግራት ምን ይጠቅማታል እያልኩ ራሴን አሳመንኩ።

እትዬ ጦይባ ሱሪውን ተቀብላ ዘረጋችው። ጫፉን በአውራ ጣቷ ዳሰስ አደረገችና ፈገግ አለች። «አላህ ይስጥህ ሙሄ። አማናዬን ጠበቅክልኝ።»

ይቺን ቃል ባትናገር ዝም ብዬ እመለስ ነበር።

«እትዬ ጦይባ፣ ጭቃው የአሊ አይደለም» አልኳት። «ነክሬዋለሁ። ይኼኛውን የቀቡት የፊልም ሰዎች ናቸው።»

ሱሪውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለምን ነከርከው?» አለችኝ።

«ተዋናዩ በሱሪው ሐይቅ ውስጥ ይገባል። ሸማው ሲርስ ምን እንደሚመስል ልናይ ብለን ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ሱሪውን ለብሶ? ያረቢ! ከየት አገር የመጣ ሰው ነው?»

«በፊልሙ ውስጥ የእኛው አገር ሰው ነው። የሐይቅ ገበሬ።»

«የሐይቅ ሰው ከሆነ ምነው ሱሪውን አይፈታ? የሸማ ሱሪ እኮ ነው፣ የዒድ ልብስ! ፈትቶ ራሱ ላይ ይጠመጥመዋል፣ ከሥር ባለው የአቡጀዲ ቁምጣ ይገባል። ሞት ቢያባርረውም እንዲያ ነው። አባትህስ ቢሆን ሲሻገር እንዲያ አልነበር?»

እንዲያ ነበር። አባቴን ሱሪውን እንደ ጥምጥም አስሮ ውሃ ሲገባ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ጨርቅ ሳነሳ ስጥል፣ ሰውዬው ሱሪውን ምን ያደርገዋል ብዬ አንዴም አላሰብኩም። አፈርኩ። እንዲያ ያፈርኩበት ቀን የለም።

ላመሰግናት ስል እጇን አነሳች። ተነስታ ከጓዳ ባልዲ አመጣችና ውሃ ሞላችው። ሱሪውን ለእኔ ዘረጋችልኝ።

«እንግዲህ እጠበው። የልጄ ያልሆነ ጭቃ ቤቴ አላስቀምጥም።»

አጠብኩት። እሷ ቆማ ታየኛለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልሰደበችኝም። ጨምቄ ስሰጣት ራሷ አጥሩ ላይ አሰጣችው።

ጓድ ደምሴና አቶ ብርሃኑ የእትዬ ጦይባን ቃል ስነግራቸው፣ አንዱ ግንባሩን መታ፣ ሌላው ሰዓቱን ሳያይ ሳቀ። አንድ የሸማ ሱሪና ሦስት የአቡጀዲ ቁምጣ ሠራንላቸው። ሸማው ከባልዲ ወጥቶ ነው የተቆረጠው፤ ሐይቁ ግን አልነካውም። ቁምጣዎቹ ወፈር ካለ አቡጀዲ በድርብ የተሰፉ ናቸውና ገላ አላሳዩም፤ ተራ በተራ እየደረቁ ሥራው በሰዓቱ አለቀ። ተዋናዩ ሱሪውን ራሱ ላይ ጠምጥሞ ሲገባ፣ ዳር ቆመው ያዩ የነበሩ ሽማግሌዎች «ይኼስ የእኛ ሰው ነው» አሉ። አቶ ብርሃኑ አቅፎ ሳመኝ። እኔ ግን ደስታው አልዋጥልህ አለኝ። ፊልሙንም እስከዛሬ አላየሁትም።

ደርግ ሲወድቅ የተረፉት ወታደሮች በእግርም በመኪናም ተመለሱ። አሊ አልተመለሰም። እትዬ ጦይባ እስክትሞት ድረስ የምታሰፋውን ወደ እኔ ታመጣ ነበር፤ ስለዚያ ሱሪ አንድም ቀን አላነሳችብኝም።

እናንተ አሁን በኤሌክትሪክ መኪና የምትሰፉ ልጆች ስለ ጨርቅ ከእኔ የበለጠ ታውቁ ይሆናል። እኔ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ለናሙና የሰው ልብስ ስትቀበሉ ከመለካታችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። ይኼን አታድርጉ ካላችሁ ደግሞ ለምን በሉ። ያን ቀን እትዬ ጦይባን ለምን ብያት ቢሆን ኖሮ ቁጭ አድርጋ ሁሉንም ትነግረኝ ነበር። እኔም ተዋናዩ ሐይቅ እንደሚገባ እነግራት ነበርና የፊልሙን መልስ ያን ጊዜውኑ ይዤ እመለስ ነበር፤ የአሊ ጭቃም እዚያው ይቆይላት ነበር።