ከሁለት እጅ የወደቀ

በመስታወት መቁረጫና መግጠሚያ ቤቱ ሁሉም «ሦስተኛዋ» ይላታል። አዲስ ደንበኛ ሲሰማ በአንድ ውድድር ሦስተኛ የወጣች ይመስለዋል፤ እሷም ለማረም አትቸኩልም። ነገሩ ሌላ ነው። ተማሪ ሳለች የዱላ ቅብብል ቡድኗ ሦስተኛ ሯጭ ነበረች። ሦስተኛ ሯጭ ዱላውን ይቀበላል፣ ኩርባውን ይዞ ይበራል፣ ያቀብላል። ሁለት ጊዜ የመሳሳት ዕድል አለው ማለት ነው።

ዛሬ አርባዎቹን አጋምሳለች፤ መስታወት ቤቱም የራሷ ነው። በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ግን ሐሳብ የሆነባት የታናሽ እህቷ ባል ነበር። ከሠርጉ ሰባት ዓመት ቢያልፍም እስካሁን «ሙሽራው» ትለዋለች። አብሯት መሥራት ከጀመረ ሁለት ወሩ ነው፤ ሥራውን ወዶት ነበር። ባለፈው ሳምንት ሁለቱ የከተማውን ቤተ መጻሕፍት ትልቅ የመስኮት መስታወት ተሸክመው ደረጃ ሲወጡ መታጠፊያው ላይ አመለጣቸውና እንክትክቱ ወጣ። ማንም አልተጎዳም። ሙሽራው ግን ሳምንቱን ሙሉ ጥግ ይዞ፣ ብቻውን ፍሬም ሲያጸዳ ሰነበተ።

«እትዬ፣ ሌላ ሰው ፈልጊ» አላት። «እጄ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም። ከዛሬ በኋላ አልመጣም።»

«እጅህን ማን ወቀሰው? ቁጭ በል እስቲ።»

ይህን ፊት ታውቀዋለች። በአሥራ ስድስት ዓመቷ የራሷ ፊት ነበር። በትምህርት ቤቶች ውድድር ፍጻሜ ላይ፣ ዱላው ከእሷ ወደ አራተኛዋ ሯጭ ሲሻገር ወደቀ። በአውቶቡስ ሲመለሱ ያናገራት አልነበረም። በማግስቱ አሰልጣኙ ሁለቱን ልጆች ሜዳ ላይ አቆማቸው። ማን እንደጣለው አልጠየቀም፤ «ያንቺ እጅ ምን አደረገ?» አለ፣ ተራ በተራ። እሷ ቶሎ ለቅቃለች፤ አራተኛዋ ጣቶቿን ሳትከፍት ዘርግታለች። ከዚያ ያለ ሩጫ፣ ቆመው፣ ሁለት መቶ ጊዜ ተቀባበሉ። ዱላ የሚወድቀው ከሁለት እጅ ነው። ይህ የገባው ልጅ ማፈሩን ይተውና መመርመር ይጀምራል። በቀጣዩ ዓመት አሸንፈዋል፤ እሷ ግን የምታወራው ስለዚያ ማግስት ነው።

«ያን ቀን እጅህ ምን አደረገ?» አለችው ሙሽራውን።

«አላበው። ጓንቱ ሲንሸራተት እያወቅኩ ዝም አልኩ።»

«ለምን?»

«አፍሬ ነዋ።»

«የኔ ደግሞ መታጠፊያው ላይ ሳልነግርህ ከፍ አደረገው። ክብደቱ ሁሉ ወዳንተ ዞረ።»

ሙሽራው ቀና አለ። «ይህን ሳምንቱን ሙሉ ይዘሽው ነው?»

«አኩርፈህ መቼ አስጠጋኸኝ?»

ከመስታወቱ በፊት ለመለማመጃ በልኩ የተቆረጠ ስስ ጣውላ ይዘው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄዱ። ትልቅ መስታወት እንደ ጠረጴዛ ተጋድሞ አይሄድም፤ በገዛ ክብደቱ ይሰበራል። በጠርዙ ቆሞ ነው የሚሄደው። ከላይ ያለው ሰው መንገዱን ያያል፣ ከታች ያለው ክብደቱን ያውቃል፤ አንዱ የሚያውቀውን ሌላው አያውቅም፤ ስለዚህ ሁለቱም መናገር አለባቸው። «ከፍ» ትላለች እሷ ከላይ፤ «ይዣለሁ» ይላል እሱ ከታች። መልሱን ሳትሰማ እግሯን አታነሳም። እንዲህ እያሉ ሦስት ጊዜ ወጡ፣ ሦስት ጊዜ ወረዱ።

መጽሐፍ የሚያውሱት ሴትዮ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሲመለከቱ ቆዩና፣ «ይኼኛውስ አይሰበርም። ውጭውን ግን እንዴት ሊያሳየን ነው?» አሉ። ሙሽራው ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

አራተኛው ዙር የመስታወቱ ነበር። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ሙሽራው፣ «ቁሚ፣ ጓንቴ እየሸሸ ነው» አለ። ድምፁ ደረጃውን ሞላው፤ ሁለት አንባቢዎች ዞር ብለው አዩት። እሷ ባለችበት ቆመች። ጠርዙን ደረጃው ላይ ባነጠፉት ስፖንጅ ላይ አሳረፉት። አንድ እጁን፣ ቀጥሎም ሌላውን፣ ሱሪው ላይ ጠርጎ ጓንቱን አጠበቀ።

«ይዣለሁ። ከፍ» አለ።

መስታወቱ ፍሬሙ ውስጥ ገባ፤ ዙሪያውን በሲሊኮን ማጣበቂያ ሞሉት። እሷ ጠርዙን በጨርቅ ስትወለውል ሙሽራው አጠገቡ ያለውን የተሰነጠቀ መስኮት ሜትር ዘርግቶ ይለካ ጀመር።

«ይህን ሐሙስ እንግጠመው» አለ። «ግን ከላይ የምሆነው እኔ ነኝ።»

«ከታች ከባድ ነው አይደል?»

«ከባድ ነው፤ ቅመሺው።»

«እሺ» አለችና ቁጥሩን እንዲጠራላት እርሳሷን አወጣች።