የተጎታቹ ቤት ፍሬን

ተጎታቹን ቤት ከቋጥኝ ጋር አጋጭተሃል ተብዬ ከሥራዬ ተባረርሁ። ይህ አልበቃ ብሎ፣ ከዳባት እስከ አዲ አርቃይ ላለ ባለመኪና ሁሉ «ይህን ሰው እንዳትቀጥሩት፣ ቁልቁለት አያውቅም» ተብሎ ተነገረብኝ። እኔ ሊማሊሞን ሃያ ዓመት የወረድሁ ሰው ነኝ፣ ግማሹን በረዳትነት፣ ግማሹን በሾፌርነት። ቤቱን ማጋጨቱንስ አጋጭቼዋለሁ። አውቄ ነው ያጋጨሁት።

ፊደል የቆጠርሁት ሁለት ልጅ ከወለድሁ በኋላ ነው፤ ዳባት ላይ፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሚሰጥ የጎልማሶች ትምህርት። ስለዚህ አጻጻፌ እንደ ጠጠር መንገድ ቢንገጫገጭ አንባቢ ይታገሠኝ። ባይታገሠኝም ግድ የለኝም።

ቤቱ መንገድ ሠሪዎች ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ በጨረታ የሸጡት፣ አራት ጎማ ያለው ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው። አልጋ አለው፣ ማብሰያ አለው፣ መጸዳጃ ሳይቀር አለው። የገዛው አንድ የደባርቅ ሰው ነው። ጌታው እለዋለሁ፤ እንዲያ ሲባል ደስ ይለዋል። በበጋ የሰሜን ተራሮች ላይ፣ ቡይት ራስ አስጎትቶ ያቆመውና ቱሪስት ያሳድርበታል፤ ሲያሻው ከዚያ አልፎ ጨነቅ እስከሚባለው ቦታ ድረስ ያስወስደዋል። የሚጎትተው የራሱ የጭነት መኪና ነው፤ መኪናውን የምነዳው እኔ ነበርሁ።

ገና በመጀመሪያው ቀን ከሥሩ ገብቼ አየሁት። ከአራቱ ጎማዎች ፍሬን ያላቸው የፊተኞቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው። የኋለኞቹን ታምቡር፣ ፍሬኑ የሚያድርበትን ክብ ብረት፣ ብፈታው ባዶ ነው፤ የሸረሪት ድር እንጂ ጎማውን ተጭኖ የሚይዘው ሸራ የሚባል የለበትም። የፊተኞቹም ሸራ አልቆ ብረት ከብረት ይፋጫል። ከመኪናው ፍሬን ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ቤቱ መኪናውን ከኋላ ሲገፋው አንድ ሽቦ ይሳብና ያችኑ ታህል ይይዛል፣ አበቃ። ሜዳ ለሜዳ ለሚሄድ ይበቃ ይሆናል። የኛ አገር ሜዳ የለውም።

«ጌታው፣ ይህን ፍሬን ያሻሽሉት» አልሁት። «በአራቱም ጎማ የንፋስ ፍሬን ይገጠምለትና ከመኪናው ንፋስ ጋር ይገናኝ። እኔ ስረግጥ እሱም አብሮ ይያዝ።» በዕድሜ ታናሼ ነው፤ ያን ጊዜ ግን አንቱ እለው ነበር። ለገንዘቡ ነው፤ ሽበትማ የት አለውና።

«ይሄ እኮ ቤት ነው» አለኝ። «ቤት ፍሬን ምን ያደርግለታል?»

«ጎማስ ምን ያደርግለታል?»

«ፍሬን የሚያስፈልገው ለምላስህ ነው!» አለና በዙሪያው ያለው ሰው ሳቀለት። ቀጠለና፣ «ደግሞ ጠበል ተረጭቷል። ምን ያሰጋሃል?» አለ።

እውነት ነው፣ ተረጭቷል። ቄሱ መጥተው ጸሎት አድርሰው ከበሩ እስከ ጎማው ረጭተውታል። እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ አሜን ብያለሁ። ጠበሉን የምጠላ ሰው አይደለሁም። ጌታው ግን ጠበሉን ያስረጨው ሸራ ከመግዛት ለመገላገል ነበር። ሦስት ጊዜ ነገርሁት፣ ሦስቱንም ጊዜ ያችኑ መልስ ሰጠኝ።

የካቲት ውስጥ ቤቱን ከቡይት ራስ ወደ ደባርቅ ሳወርድ ነው ነገሩ የመጣው። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነበርሁ፤ የሚያስቸኩለኝ አልነበረም። አንዱ ጠመዝማዛ ላይ፣ በሬ በግንባሩ እንደሚገፋ ያለ ግፊት ከኋላዬ ተሰማኝ። ፍሬን ረገጥሁ። መኪናው ያዘ፣ ቤቱ አልያዘም። የመኪናውን ኋላ ወደ ጎን ያንሸራትተው ጀመር። በግራዬ ገደል ነው። ቀኑ የገበያ ቀን ነበርና ከደባርቅ የሚመለሰው ሰው ከነአህያው ፊቴን ሞልቶታል። ጡሩምባ ነፋሁ። ሰው ይሸሻል፣ አህያ አይሸሽም። በቀኜ ቋጥኝ አየሁ፣ መሪዬን ወደ ቋጥኙ አዞርሁ። ቤቱ በጎኑ እየተፋቀ፣ መስኮቱ እየረገፈ፣ እንደ ታረደ ነገር እየጮኸ ሄዶ ሄዶ ቆመ። አንዲት አህያ ከመኪናው አፍንጫ አንድ ክንድ ርቃ ነበር። ቀና ብላም አላየችኝ።

ጌታው ሲደርስ መጀመሪያ ያየው መስኮቱን ነው። «ወይኔ ቤቴን!» አለ። ሰው ተርፎ እንደሆነ አልጠየቀም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንተ አልሁት።

ሥራ ፈትቼ ደጃፌ ላይ ተቀመጥሁ። የጠየቅሁት ባለመኪና ሁሉ «እስቲ እናያለን» ይለኛል፤ እስቲ እናያለን ማለት አልቀጥርህም ማለት ነው። ሚስቴ «ይቅርታ ብትለው ምን አለበት? አፍህ አይደማ» አለችኝ። «ይደማል» አልኋት። እሷ ግን ሳትነግረኝ ሽማግሌ አስቀመጠች። አንደኛው ጠበል የረጩት ቄስ ናቸው። ሁለተኛው ዕድሜያቸውን ሙሉ የቱሪስት ዕቃ በበቅሎ ጭነው ከደባርቅ ጨነቅ የተመላለሱ አዛውንት ናቸው።

በዓቢይ ጾም፣ አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ተቀመጥን፤ ከቅዳሴ የወጣ ሰው ከቦናል። ጌታው የይቅርታ ወረቀት አስጽፎ ይዞ መጥቷል። «እዚህች ላይ ፈርምና ሥራህ ይመለስልሃል» አለኝ። ድሮ ቢሆን አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አሳርፍበት ነበር። አሁን ግን ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁና ጣቴን ከሥሩ እያስኬድሁ፣ ጮክ ብዬ፣ ቃል በቃል አነበብሁት።

«ፋሲካ ሳይደርስ ጨርሰው እንጂ!» አለ ጌታው።

ሳቁ። ይሳቁ። «ሾፌሩ በራሱ ግዴለሽነት ንብረት ማበላሸቱን አምኖ ይቅርታ ጠይቋል» ይላል። አንብቤ ጨረስሁና አጠፍሁት። «አልፈርምም።»

በኛ አገር ሽማግሌ ፊት እምቢ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። እርቅ እምቢ ያለ ሰው ቢታመም ጠያቂ፣ ቢሞት ቀባሪ ያጣል ይባላል። ቄሱ ወደኔ ዘንበል አሉና «ልጄ፣ ለእርቅ ሲባል ትንሽ ዝቅ ማለት ነውር አይደለም» አሉኝ።

«አባ፣ የእርስዎን ጉልበት እስማለሁ። ለዚህ ወረቀት ግን ጣቴን አላነሣም።»

«ፍሬኑ ደህና ነበር» አለ ጌታው። «ጠበል እንኳ ሳይቀር ተረጭቷል፤ አባ ምስክሬ ናቸው።»

ቄሱ ቆጣ አሉ። «ጠበል መርጨቴን መስክር በለኝ፣ እመሰክራለሁ። ፍሬን መግጠም ግን ያንተ ድርሻ ነበር። የራስህን ሥራ በኔ አትሸፍን!»

በቅሎ ጫኙ ሽማግሌ ወደኔ ዞሩ። «እኔ የመኪና ነገር አይገባኝም» አሉ። «እስቲ በሚገባኝ አስረዳኝ።»

«አባባ፣ በቅሎ ጭነው ከጨነቅ ሲወርዱ ጭነቱ ወደ አንገቷ እንዳይንሸራተት ምን ያደርጋሉ?»

«በጅራቷ ሥር ጠፍር አሳልፌ አስራለሁ።»

«ጠፍሩ ከሌለስ?»

«ጭነቱ ማጅራቷ ላይ ይወጣል፣ እሷም በአፍንጫዋ ትደፋለች። ይህን ማን ያጣዋል?»

«የሱ ቤት የጅራት ጠፍር የለውም። በቅሎዋ እኔ የምነዳት መኪና ናት።»

ሽማግሌው ዱላቸውን መሬት ላይ አዙረው አዙረው ወደ ጌታው ቀና አሉ። «ጠፍር ነበረው?»

«የፊተኛው ጎማ ላይ እኮ...»

«ነበረው ወይስ አልነበረውም ነው ያልሁህ።»

ጌታው ጎንበስ ብሎ የጫማውን አቧራ ማራገፍ ያዘ።

«እንግዲያው ነገሩ ቀላል ነው» አሉ ሽማግሌው። « ቤቱ እንዳለ፣ ማንም ሳይነካው ቡይት ራስ ይውጣ። አንተ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠህ አብራችሁ ውረዱ። በሰላም ከደረስህ እሱ ይፈርማል።»

ጌታው ሰዓቱን አየ። «ሰሞኑን እንኳ... እንግዳ አለብኝ። ፋሲካ ይለፍና...»

«ጭነትህን የምትሰድበትን ቁልቁለት አንተ ካልወረድኸው» አሉ ሽማግሌው፣ «በቅሎ ነጂውን አትክሰሰው።»

ያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ፍርዱ ተሰጠ። ጌታው ፍሬኑን እኔ እያየሁ ያስገጥማል፤ ከዚያ ያንኑ ቁልቁለት ከኔ ጋር ይወርዳል፤ ወረቀቱንም እንደገና ይጽፋል።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ቤቱን ዳባት አንድ ጋራዥ አስገባነው። መካኒኩ የኋለኛውን ታምቡር ሲፈታ ጌታውን ጎንበስ ብሎ እንዲያይ አደረግሁት። አራቱም ጎማ አዲስ ሸራ ገባለት፣ የንፋስ ቱቦ ተዘረጋለት። መጀመሪያ ስንሞክረው ንፋስ ያፈስ ነበር። መካኒኩ የሳሙና አረፋ በየመጋጠሚያው ቀባና አረፋው ያበጠበትን አገኘው፣ አጠበቀው። በመጨረሻ ከመኪናው የሚመጣውን ቱቦ ነቀለና ጌታውን «ግፋው» አለው። ጌታው በትከሻው ገፋ። ቤቱ ፍንክች አላለም። ቱቦው ቢበጠስ ራሱን የሚይዝ ፍሬን ማለት ይሄ ነው።

ከቡይት ራስ ስንወርድ ጌታው ከጎኔ ተቀምጦ የበሩን እጀታ ጨብጧል። የቤቱ ቀለም ገና ያልለቀቀው ቋጥኝ ጋ ስንደርስ «ቀስ በል» አለኝ።

«ቀስ እያልሁ ነው። ያን ቀንም ቀስ ብዬ ነበር የምወርደው።»

ቁልቁለቱ መሐል ላይ ፍሬን ረገጥሁ። መኪናው ቆመ፣ ቤቱም ከኋላው ቀጥ አለ። ከጀርባዬ የሚገፋኝ አልነበረም። ሞተሩን አጥፍቼ ትንሽ አቆየሁት፣ ጸጥታውን በደንብ ይስማ ብዬ። «ይህን ነበር የለመንሁህ» አልሁት። መስኮት መስኮቱን አየ።

ደባርቅ ሽማግሌዎቹ ፊት ወረቀቱን አወጣ። አሁንም አነበብሁት፣ አሁንም በጣቴ። «ሾፌሩ ጥፋት ያለበት አይመስልም» ይላል። መለስሁለት። «የመሰለህን አልጠየቅሁህም። የሆነውን ጻፍ።» እዚያው ጉልበቱ ላይ እንደገና ጻፈው፦ ፍሬኑ እንደማይሠራ ተነግሮት ነበር፤ ሾፌሩ ቤቱን ወደ ቋጥኝ ያዞረው ሰው ለማዳን ነው፤ ጥፋት የለበትም። የመኪናውን ቁልፍ ዘረጋልኝ። አልተቀበልሁትም፤ ይህን ወረቀት ያየ ሌላ ባለመኪና ይቀጥረኛል። ሽማግሌዎቹ እግዚአብሔር ይፍታህ በለው አሉኝ፣ አልሁት፤ አፌ ብሏል፣ ልቤን ማንም አልጠየቀው። ወረቀቱን ሦስት አድርጎ ገለበጠው፤ አንዱ ለቄሱ፣ አንዱ ለበቅሎ ጫኙ ሽማግሌ፣ አንዱ ለኔ። ጌታው ፈረመ፣ እኔም ስሜን በሙሉ ጽፌ ፈረምሁ፣ ግንቦት 14 ቀን 2011 ዓ.ም.