ትራፊኩ ያየው ቀበቶ

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ነው። ለመንጃ ፈቃድ አልደረስኩም። ስለዚህ ከሳጉሬ አሰላ በሚመላለሰው ሚኒባስ ታናሽ ወንድሜ ይነዳል፣ እኔ ረዳት ሆኜ ሰው እጭናለሁ፣ አወርዳለሁ። ከሥራዬ አንዱ ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ አይቼ «ቀበቶ!» ማለት ነበር። ወንድሜ የደህንነት ቀበቶውን ስቦ ደረቱ ላይ ያጋድመዋል። ጫፉን ግን አይቆልፈውም፣ ጭኑ ሥር ይወሽቀዋል። ትራፊኩን ስናልፍ «ልቀቀው» እላለሁ፣ ይለቀዋል። በዚያ መስመር የማውቀው ሾፌር ሁሉ እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። ብልጠት መስሎን።

የዚያን ቀን ጠዋት ጋቢና የተቀመጡት አንዲት ጠና ያሉ ሴት ነበሩ። ገና ሳንነሳ ቀበቶውን ስበው ቆለፉት።

«እማማ፣ አውሮፕላን የተሳፈሩ መሰለዎት እንዴ?» አላቸው ወንድሜ።

«ያንተን አነዳድ አይቼ ነው። ዝም ብለህ ንዳ!»

ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

አሰላ መግቢያ ላይ ትራፊኩን አየሁና «ቀበቶ!» አልኩ። ጎንበስ ብሎ አየን፣ እለፉ አለን። ትንሽ እንደሄድን «ልቀቀው» አልኩ። ብዙም ሳይቆይ አንድ የፈረስ ጋሪ ከጎን ገባብን። ወንድሜ ለጋሪው ብሎ መሪውን ሲያጥፍ፣ ዳር ከቆመ የጭነት መኪና ጋር ተላተምን።

ግጭት ከተባለ ነው እንግዲህ! አንድ መብራት ረገፈ፣ የፊቱ መስታወት ተሰነጠቀ፣ በቃ። አንዷ ተሳፋሪ ከወንበር ሥር ካስቀመጠችው እንቁላል እንኳ ግማሹ አልተሰበረም። እኔ ተሳፋሪ ላይ ወድቄ ክርኔ ተላጠ። እማማ ትከሻቸውን ይዘው በእግራቸው ወረዱ፤ ቀበቶው የያዛቸው ቦታ በልዟል፣ ሌላ ምንም አልሆኑም። ወንድሜ ግን አልወረደም። በደረቱ መሪው ላይ ተደፍቷል። «ጋሼ፣ አየር አጣሁ» አለኝ። ጠብታ ደም አልነበረበትም። ሆስፒታል ሐኪሙ የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ ሳንባውን ወግቶታል አለኝ። ቀትር ሳይሆን ሞተ። እስከ ዛሬ አልዋጥልህ ብሎኛል። በዚያች ግጭት ሰው ይሞታል?

ለቅሶው ላይ ያ ትራፊክ መጣ። ደህና ሰው ነው። «አስሮ ነበር እኮ፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ» አለ፤ ከልቡ ነው። ሾፌሮቹ ተቀባበሉት።

«አየህ? አስሮም ሞተ! ቀበቶ ምን ሊረባ?»

የወንድሜም ሚስት በዚያው ትጽናናለች። «እሱ ማድረግ ያለበትን አድርጓል፣ የአላህ ውሳኔ ነው» ትላለች። ሁለት ቀን አፌን ዘግቼ ሰማሁ። ፈርቼ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። በሦስተኛው ቀን አንዱ ሾፌር ያንኑ ሲጀምር ብድግ አልኩ።

«አላሰረም። ለትራፊኩ ደረቱ ላይ ጣል አድርጎት ነበር። ልቀቀው ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሾፌሮቹ መሬት መሬት አዩ። ሚስቱ ከሴቶቹ በኩል ተነስታ ፊቴ ቆመች። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ስንት ጊዜ ነው እንዲህ ያልከው?»

«በየቀኑ» አልኳት።

ተመልሳ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም።