ከስር ያለው ልብስ

አሰልጣኙ አዲስ ለገባ ሁሉ የሚመክረው አንድ ነገር ነው፤ «ከካራቴ ልብሱ ስር ስስ የጥጥ ካናቴራ ጣል አድርጉ፤ ላቡን ይመጥላችኋል፣ ኮሌታውም አንገታችሁን አይፍቃችሁም።»

እሱ ዘንድ የሚሰለጥን ጸጉሩ ገብስማ የሆነ አንድ ዝምተኛ ሰውዬ ግን ምክሩን በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ያፈሰዋል። ከስር የሚለብሰው ሌላ የካራቴ ልብስ ነው፤ ክርኑ የተጣፈ፣ እጅጌው ያጠረው፣ የጀማሪ ነጭ ቀበቶ የታሰረበት። ምንጣፉን ከመርገጡ በፊት ሌላው ሰው አንዴ እጅ ሲነሳ እሱ ሁለቴ ይነሳል።

አንድ ቀን አሰልጣኙ አላስችል አለው። «ጋሼ፣ በዚህ ሙቀት ድርብ ልብስ? ታፍነው ሊሞቱብኝ ነው እኮ!»

«እኔንማ ሞቆኛል» አለ ሰውዬው፣ የተኛ ልጅ እንዳይቀሰቅስ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ታናሼን ነው የበረደው፤ የስረኛው የሱ ነው።»

አሰልጣኙ ቀልድ መስሎት ሳቀና ኮሌታውን ሊያላላለት እጁን ሰደደ። የላይኛው ልብስ በላብ ርሶ ይንጠባጠባል። ገላውን የነካው የስረኛው ግን ደረቅ ነው፤ ፀሐይ አይቶ እንደማያውቅ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ሳቁ አፉ ላይ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ሁለቴ እጅ ሲነሳ አሰልጣኙም ሁለቴ ይመልሳል። ሁለተኛውን ሲመልስ ግን ቀና ብሎ አያይም።