የአባዬ ዝላይ

የእንግሊዝኛ መምህራችን ሰሌዳው ላይ «ኤግዛልታንትሊ» የምትል ቃል ጻፉና ትርጉሟን ጠየቁን። እኔ መቼም መቅደም እወዳለሁ፤ «በደስታ!» ብዬ ጮህኩ።

«ደስታማ ተቀምጦም ይሆናል» አሉኝ። «ይቺ ግን ድል ያገኘ ሰው ደስታ ናት። ከላቲን ነው የመጣችው፤ ሥሯ ወደ ላይ መዝለል ነው። ደስታው አላስቀምጥ ሲለው ማለት ነው።» እኚያ ሰው ሲያስተምሩ ቃል ነፍስ ይዘራ ነበር።

ታዲያ በእኛ ቤት ዝላይ ነውር ነው! አባዬ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ ከተማችን ሶዶ በሙሉ ስትጨፍር እኛ በር ዘግተን መዝሙር እናጠናለን። አንዱ ወጣት ዘማሪ «ዳዊትም እኮ ዘሏል» ብሎ ቢከራከራቸው፣ «ዳዊት ንጉሥ ነው፤ አንተ መጀመሪያ ሸሚዝህን ሱሪህ ውስጥ ክተት!» አሉት።

በዚያው ዓመት ታላቅ ወንድሜ ከድንበሩ ጦርነት አልተመለሰም። ጦርነቱ አብቅቶ ከቤሌ ከተማ የዘመቱት ልጆች መጡ፣ ከተበላ ከተማም መጡ፤ የእኛው ወሬው ጠፋ። እማዬ እህል አልወርድ አላት። አባዬ ግን «እግዚአብሔር ያውቃል» ከማለት በቀር ትንፍሽ አላሉም። ምን ዓይነት አንጀት ነው እል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስንመለስ በመናኸሪያው በኩል ወሰዱኝ። መንገዳችን አልነበረም። አንዱ የአውቶቡስ ረዳት ገና ሲያያቸው «አባት፣ ዛሬም የለም» አላቸው። ለካስ በየቀኑ ይመጡ ኖሯል!

ልንሄድ ስንል የሻሸመኔው አውቶቡስ ገባ። የከሳ፣ የጠቆረ ወታደር ሻንጣውን ይዞ ወረደ። ወንድሜ ነበር።

አባዬ ዘለሉ! እግዜር ያሳያችሁ፣ ያ ግዙፍ ሰውነት ከነኮቱ ወደ ላይ! ደግመው ዘለሉ። የያዙት ስኳር ድንች ተበተነ፣ ባርኔጣቸው ወደቀ፣ እሳቸው እቴ፣ የልጃቸውን ስም እየጠሩ ይዘላሉ። የመናኸሪያው ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። መምህሬ ያን ቀን እዚያ በነበሩ ብዬ ተመኘሁ።

እሑድ ዘማሪዎቹ ሲዘምሩ ሞቅ አላቸውና መዝለል ጀመሩ። አባዬ ከወንበራቸው ተነሡ። ምእመኑ ሁሉ ተግሣጻቸውን ጠበቀ።

እሳቸው ግን የፊተኛውን አግዳሚ ወንበር በአንድ ጫፉ ያዙና ወደ ወንድሜ ዞሩ። «ና በዚያ በኩል አንሣልኝ፤ ልጆቹ ቦታ ጠቧቸዋል» አሉት።